ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ጥንዶች የሕይወት ኢንሹራንስ ተጠቃሚን እንዴት ያስመዘግባሉ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች ዝርዝር መመሪያ

አብራችሁ ትኖራላችሁ፤ ግን አልተጋባችሁም። አንዳችሁ የሕይወት ኢንሹራንስ አላችሁ፣ ወይም ልትገቡ እያሰባችሁ ነው። ሞት ቢመጣ ገንዘቡ ለቀሪው እንዲደርስ ትፈልጋላችሁ። ይህ በሕግ ይቻላል። ከባድም አይደለም። ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስህተቱ የሚታወቀው ደግሞ ሊያርመው የሚችለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦

- ፎርሙ ላይ "ተጠቃሚ" (ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው) የሚለውን መስመር ባዶ መተው
- "ባለቤቴ" ብሎ ብቻ መጻፍ
- "ሕጋዊ ወራሾቼ" ብሎ መጻፍ

ሦስቱም አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው ባዶ እጁን ሊያስቀሩት ይችላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 827 እንዲህ ይሠራል፦ ሟቹ ተጠቃሚውን ሳይወስን ከሞተ፣ ወይም ሌላ ምንም ሳይጠቅስ ለወራሾቹ ብሎ ከሆነ፣ የኢንሹራንሱ ገንዘብ ከውርሱ ጋር ይደመራል። ከዚህ ውጭ ከሆነ ግን ውርስ ውስጥ አይገባም። ውርስ ከሆነ ቅድሚያው የልጆች ነው። ልጅ ከሌለ የእናትና የአባት ነው። አብሮ መኖር፣ 10 ዓመትም ይሁን 20፣ ብቻውን ወራሽ አያደርግም።

ስለዚህ የሚያድናችሁ በስም የተጻፈ፣ ኩባንያው ተቀብሎ ያረጋገጠው አንድ መስመር ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች ያንን መስመር በትክክል ለማስገባት ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ያልተጋባችሁ መሆናችሁን አረጋግጡ

ይህ ለአንዳንዱ ግልጽ ነው። ወሎ ላይ ግን ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም።

ኒካህ አስራችኋል? በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብታችኋል? ሽማግሌ ተልኮ፣ በአካባቢው ባህል ደንብ ጋብቻው ተፈጽሟል? እንግዲያው በሕግ ዓይን የተጋባችሁ ናችሁ። ሕጉ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸም ጋብቻንም ያውቃል። "ማዘጋጃ ቤት ስላልፈረምን አልተጋባንም" የሚለው አባባል ስህተት ነው። እናንተ ያለባችሁ ሥራ ጋብቻውን በወሳኝ ኩነት ማስመዝገብ፣ ምስክር ወረቀቱን መያዝ፣ ከዚያ ፎርሙ ላይ "ባል" ወይም "ሚስት" ብሎ ከሙሉ ስም ጋር መጻፍ ነው።

ቀለበት ማሰር ብቻ ግን ጋብቻ አይደለም። እጮኛ ናችሁ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ጠይቁ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከሌላ ሰው ጋር ያልፈረሰ ጋብቻ አላችሁ? "ከተለያየን ቆይተናል" መፋታት አይደለም። የፍቺ ውሳኔ ከሌለ ያ ሰው አሁንም ሕጋዊ የትዳር ጓደኛ ነው። አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ) የተከፈለው ከጋራ ሀብት ነው ብሎ ሊከራከርም ይችላል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ፍቺውን ጨርሱ። መጠበቅ ካልቻላችሁ ተጠቃሚውን በስም መዝግቡ፣ ግን ጠበቃ ሳታማክሩ ነገሩ ተቋጨ ብላችሁ አትረፉ።

ደረጃ 2፦ ያላችሁ ኢንሹራንስ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

"ኢንሹራንስ አለኝ" የሚል ሰው ብዙ ነው። ምን ዓይነት እንደሆነ ሲጠየቅ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ኮምቦልቻ በፋብሪካ ወይም በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

በግል የተገባ የሕይወት ኢንሹራንስ። ውሉ በእናንተና በኩባንያው መካከል ነው። ተጠቃሚውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ይህ መመሪያ በዋናነት ለዚህ ነው።

አሠሪ የሚገባው የቡድን የሕይወት ኢንሹራንስ። ውሉን የፈረመው ድርጅቱ ነው። ቢሆንም ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ሠራተኛ ተጠቃሚውን የሚሞላበት ፎርም አለ። የሰው ኃይል ክፍል ሄዳችሁ እንዲህ በሉ፦ "የተጠቃሚ መሰየሚያ ፎርሜ ፋይሌ ውስጥ አለ ወይ? ላየው እችላለሁ?" ሥራ ስትቀጠሩ በጥድፊያ የሞላችሁት ሊሆን ይችላል። ያኔ የእናታችሁን ስም ጽፋችሁ ይሆናል። አሁንም ያው ነው።

የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ። ይህኛው ሌላ ነው። በሥራ ላይ ለሚደርስ ሞት የሚከፈል ካሳ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለጥገኞች ይከፈላል። ጥገኛ የሚባሉት የትዳር ጓደኛ፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና በሠራተኛው የሚረዱ ወላጆች ናቸው። ያልተጋባችሁት አጋር ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ስሙን በመጻፍም አይገባም።

ጡረታም እንዲሁ ነው። በግል ድርጅትም ሆነ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የተተኪ አበል (ባለመብቱ ሲሞት ለቀሪ ቤተሰቡ የሚከፈለው) የሚሰጠው ሕጉ ለዘረዘራቸው ሰዎች ነው። በምርጫ አይሰየምም።

ከባንክ ብድር ጋር የተገባ የሕይወት ኢንሹራንስ። እዚህ ቅድሚያ ተከፋዩ ባንኩ ነው። ቤት ወይም መኪና በብድር ገዝታችሁ ከሆነ፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ዕዳውን ይዘጋል። "ትራፊው ለማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ትራፊውን የሚቀበለውም በስም ይጻፍ።

ታካፉል። በወለድ አልባው መንገድ የምትገቡ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "ስሙ የተጻፈው ሰው የገንዘቡ ባለቤት ነው ወይስ ተቀብሎ ለወራሾች የሚያከፋፍል?" ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። መልሱን ከውሉ ላይ አሳዩኝ በሉ።

ቅሬ (እድር) ደግሞ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ከኢንሹራንስ ጋር አታደባልቁት። ግን የቅሬው መዝገብ ላይ አጋራችሁ በቤተሰብነት ተመዝግቦ እንደሆነ እግረ መንገዳችሁን እዩ። ኋላ ለምስክርነት ይጠቅማል።

ደረጃ 3፦ ስም አስተካክሉ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለውም ይህ ነው።

የሁለታችሁንም ሰነዶች ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የባንክ ደብተር፣ ካለ ፓስፖርት፣ ካለ የትምህርት ማስረጃ። አሁን ስሙን ፊደል በፊደል አወዳድሩ።

እኛ ዘንድ አንድ ስም ብዙ አጻጻፍ አለው። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ፣ መሀመድ። ፋጡማ፣ ፋጢማ፣ ፋጡም። የሱፍ፣ ዩሱፍ። ኃይሌ፣ ኀይሌ፣ ሃይሌ። ሰፈር ሰው ሁሉ የሚያውቃት በቤት ስሟ ነው፣ መታወቂያዋ ላይ ሌላ ስም አለ። አንዱ ሰነድ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እንደየጸሐፊው ይለያያል።

በሕይወት ሳላችሁ ይህ ሁሉ ቀላል ነው። "ሁለቱም እኔ ነኝ" ትላላችሁ። ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ግን ፋይሉ ላይ ያለው ስምና እጁ ላይ ያለው መታወቂያ ካልገጠሙ ይመለሳል። ገንዘቡን የሚቃወም ዘመድ ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚይዘው ይህችን ክፍተት ነው።

ማድረግ ያለባችሁ፦

1. ፋይዳ ላይ ያለውን ስም እንደ ዋና ያዙ። ባንኮችም የሚሠሩት በእሱ ነው፤ ገንዘቡም የሚገባው ባንክ ነው።
2. ፋይዳው ራሱ ስህተት ካለበት መጀመሪያ እሱን አሳርሙ። ፖሊሲውን (የኢንሹራንስ ውሉን ሰነድ) ከዚያ በኋላ ንኩ።
3. የቀበሌው መታወቂያ ከተለየ፣ ቀበሌ ሄዳችሁ እንዲስተካከል ጠይቁ።
4. ልዩነቱ በማረም የማይፈታ ከሆነ፣ ለምሳሌ ስሙ ጭራሽ ሌላ ከሆነ፣ ሁለቱም የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ከሚመለከተው አካል አውጡ። አንዳንዴ ፍርድ ቤት ይጠይቃል። አውጡትና አስቀምጡት።

የልደት ቀንንም እዩ። አንዱ ሰነድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በአውሮፓ ሊሆን ይችላል። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ከታየ ምክንያቱ እሱ ነው። ፎርሙ ላይ ቀን ስትጽፉ ጎኑ ላይ "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ማለት አትርሱ።

አንድ ሌላ የእኛ አካባቢ ጉዳይ። ብዙዎቻችን የምንኖረው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ነው፣ መታወቂያችን ግን ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ ወይም ከኩታበር የወጣ ነው። አድራሻችሁን የምትኖሩበት ቀበሌ ላይ አዙሩ። ሁለታችሁም አንድ የቤት ቁጥር ላይ ብትመዘገቡ አብራችሁ መኖራችሁን የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ይሆናችኋል። ለተጠቃሚነት ግዴታ አይደለም፣ ግን ክርክር ቢነሳ ያግዛል።

ደረጃ 4፦ ማን በማን ሕይወት ላይ እንደሚገባ ወስኑ

አቋራጩ መንገድ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ በራሱ ሕይወት ላይ ይግባ፣ ሌላውን ተጠቃሚ ያድርግ። አረቦኑን ከራሱ ደመወዝ ወይም ሒሳብ ይክፈል።

እሷ በእሱ ሕይወት ላይ፣ ወይም እሱ በእሷ ሕይወት ላይ ኢንሹራንስ መግባትም ይቻላል። ያኔ ግን ሕይወቱ ላይ ኢንሹራንስ የሚገባበት ሰው በጽሑፍ መፍቀድ አለበት። ሳይነገረው የተገባ ውል ዋጋ የለውም። ሳይጋቡ ሲሆን ኩባንያዎችም ብዙ ጥያቄ ያበዛሉ። አስገዳጅ ምክንያት ከሌላችሁ በዚህ መንገድ አትድከሙ።

ደረጃ 5፦ ትክክለኛውን ቢሮ አግኙ

የመኪና ኢንሹራንስ የሚሸጥ ቅርንጫፍ ሁሉ የሕይወት ኢንሹራንስ አይሸጥም። ፈቃዱ ለየብቻ ነው። ደሴ ላይም ኮምቦልቻ ላይም ቅርንጫፍ ያላቸው ኩባንያዎች አሉ። በር ላይ የምትጠይቁት "የሕይወት ኢንሹራንስ ትሠራላችሁ?" ብላችሁ ነው።

ቀድሞ ፖሊሲ ካላችሁ፣ በየትኛው ቅርንጫፍ እንደተሰጠ ፖሊሲው ላይ እዩ። ኮምቦልቻ ላይ የተገባውን ፖሊሲ ደሴ ላይ ልትቀይሩ ከሆነ፣ መጀመሪያ ደውሉና ፋይሉ የት እንዳለ ጠይቁ። አለበለዚያ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በከንቱ ትወጣላችሁ ትወርዳላችሁ።

ፖሊሲያችሁ ከ2014 ዓ.ም. በፊት የተገባ ከሆነ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ። በጦርነቱ ወቅት በሁለቱም ከተሞች ብዙ ተቋማት ተዘርፈዋል። የሞላችሁት ፎርም ዛሬም ፋይሉ ውስጥ አለ ብላችሁ አትገምቱ። "ተጠቃሚዬ ማን ተብሎ እንደተመዘገበ በጽሑፍ ስጡኝ" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "አልተገኘም" ከሆነ እንደ አዲስ ሙሉ።

ደረጃ 6፦ ፎርሙን ሙሉ

ቁጭ ብላችሁ ሙሉ። መስኮት ላይ ቆማችሁ፣ ከኋላችሁ ሰልፍ እየገፋችሁ አትሙሉት። ቤት ይዛችሁት ሂዱ ቢሏችሁ ይሻላል።

የተጠቃሚው ስም። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ልክ ፋይዳው ላይ እንዳለው። "ውዷ ባለቤቴ"፣ "የልጆቼ እናት" ብቻ አይበቃም። ስሙ ጎን የፋይዳውን 12 አኃዝ ቁጥር ጻፉ። ፎርሙ ለቁጥር ቦታ ባይኖረውም ዳሩ ላይ ጻፉና ፈርሙበት። ስልክና የልደት ቀን ጨምሩ።

ዝምድና። ሰው የሚደናገጠው እዚህ ነው። ጸሐፊው በቅንነት "ዝም ብለህ ሚስት በለው" ሊል ይችላል። አትስሙት። ያልተጋባችሁ ከሆነ "ሚስት" ወይም "ባል" ብላችሁ አትጻፉ። ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ሐሰተኛ መረጃ ለኩባንያው መከራከሪያ ይሰጠዋል። ሁለተኛ፣ ሌላ ሰው "ሕጋዊ ሚስቱ እኔ ነኝ" ብላ ብትመጣ መንገዱን የከፈታችሁላት እናንተ ናችሁ። እውነቱን ጻፉ፦ "እጮኛ"፣ "አብራኝ የምትኖር አጋር"፣ ወይም ልጅ ካላችሁ "አብራኝ የምትኖርና የልጄ እናት"። ማፈር አያስፈልግም፤ ተጠቃሚ ለመሆን የሥጋ ዝምድና ወይም ጋብቻ መኖር የለበትም።

ድርሻ። ብዙ ሰው ከሰየማችሁ ለእያንዳንዱ በመቶኛ ጻፉ፤ ድምሩ 100 ይሁን። ብር አትጻፉ፣ የፖሊሲው መጠን ሲቀየር ሒሳቡ ይፈርሳል። የእኔን ሐሳብ ካላችሁ፣ የምትረዷቸው እናት ወይም ከሌላ የተወለደ ልጅ ካለ ለእነሱም ድርሻ ስጡ። 70 ለአጋር፣ 30 ለእናት ብሎ በግልጽ መጻፍ ብዙ የፍርድ ቤት ምልልስ ያስቀራል። ለቀስተኛው ቤት ውስጥም ሰላም ይሰጣል።

ተተኪ ተጠቃሚ። ይህን መስመር ባዶ አትተዉ። አብራችሁ የምትኖሩ ሰዎች አብራችሁ ትጓዛላችሁ። አንድ መኪና ላይ ሁለታችሁም ብትሞቱ፣ ወይም ተጠቃሚው ቀድሞ ቢሞት፣ ገንዘቡ ወደ ውርስ ይመለሳል። ፎርሙ ላይ ቦታ ከሌለ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ "ከላይ የተጠቀሰችው ከእኔ በፊት ወይም ከእኔ ጋር ከሞተች ድርሻዋ ለ___ ይከፈል።"

ልጆች። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ከሌላው ልጅ እኩል መብት አለው። ግን ልጁ የእናንተ መሆኑ በወረቀት መታየት አለበት። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሁለታችሁም ስም መኖሩን እዩ። የአባት ስም ከሌለ ከኢንሹራንሱ በፊት እሱን አስተካክሉ። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ገንዘቡን የሚቀበልለት ሞግዚቱ ነው። ማን እንዲሆን እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የተጠቃሚው ፊርማ። አንዳንድ ሰነድ ተጠቃሚው መቀበሉን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ከመፈረሙ በፊት ይህን ጠይቁ፦ "ከፈረመ በኋላ ያለ እሱ ፈቃድ መቀየር እችላለሁ?" ተጠቃሚው በይፋ ከተቀበለ የመቀየር መብታችሁ ሊታሰር ይችላል። ፍቅር ሲደምቅ ይህ አያስጨንቅም። ብትለያዩ ግን ያስጨንቃል።

ስህተት ከጻፋችሁ በኮሬክሽን አታጥፉት። አዲስ ፎርም ጠይቁ። ተጠቃሚው መስመር ላይ ስርዝ ድልዝ ያለበት ፎርም ኋላ "ማን ነው የነካካው?" ያስብላል።

ደረጃ 7፦ ነባር ፖሊሲ ከሆነ በደብዳቤ ቀይሩ

ቀድሞ ሌላ ሰው ሰይማችሁ ከሆነ ቃል ብቻ አይበቃም። የኩባንያው የለውጥ ፎርም ካለ እሱን ሙሉ። ከሌለ ይህን ናሙና ተጠቀሙ፦

ቀን ___ ዓ.ም.
ለ___ ኢንሹራንስ፣ ___ ቅርንጫፍ
ጉዳዩ፦ በፖሊሲ ቁጥር ___ ላይ የተጠቃሚ ለውጥ ስለመጠየቅ
እኔ ___ (ሙሉ ስም፣ የፋይዳ ቁጥር) ከላይ በተጠቀሰው ፖሊሲ ከዚህ ቀደም ተጠቃሚ አድርጌ የሰየምኩትን ሰው ሽሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ___ (ሙሉ ስም፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የልደት ቀን)፣ አብራኝ የምትኖር አጋሬን፣ ___ በመቶ ተጠቃሚ አድርጌያለሁ። እሷ ከእኔ በፊት ወይም ከእኔ ጋር ከሞተች ድርሻዋ ለ___ ይከፈል። ለውጡ በፖሊሲው ላይ ተመዝግቦ ማረጋገጫ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።
ፊርማ ___

በሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን አስገቡ፣ ሌላው ላይ "ገቢ" ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር አስደርጉ። ያቺ ማኅተም ያረፈባት ኮፒ ወርቅ ናት። አትጥሏት።

በኑዛዜ እቀይረዋለሁ ብላችሁ አትዘናጉ። ኑዛዜው ሌላ፣ ፖሊሲው ሌላ ስም ይዞ ከተገኘ ውጤቱ ክርክር ነው። ሁለቱም ካሉ አንድ ዓይነት ይናገሩ።

ደረጃ 8፦ ማረጋገጫውን ሳትይዙ ሥራው አልቋል አትበሉ

ፎርም ማስገባት ጉዳዩን አይጨርሰውም። ኩባንያው ለውጡን መዝግቦ ኢንዶርስመንት (ለውጡን የሚያረጋግጥ ተያያዥ ሰነድ) ሊሰጣችሁ ይገባል። ፖሊሲው አዲስ ከሆነ፣ የተጠቃሚው ስም ፖሊሲው ላይ ወይም ተያያዥ ገጹ ላይ ታትሞ መምጣት አለበት።

ሲደርሳችሁ ስሙን ፊደል በፊደል ከፋይዳው ጋር አመሳክሩ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ መልሱት። "ችግር የለውም፣ ይታወቃል" ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። የሚያውቃችሁ ሠራተኛ ነገ ሊቀየር ይችላል።

"ያልተጋባ ሰው ተጠቃሚ አይሆንም" ቢሏችሁስ? ይህ ያጋጥማል። አትጨቃጨቁ። በትሕትና "የትኛው የውሉ አንቀጽ ነው የሚከለክለው? በጽሑፍ ስጡኝ" በሉ። ጉዳዩ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሕይወት ኢንሹራንስ ክፍል እንዲቀርብላችሁም ጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ ክልከላ የለም፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚመረጠው ዝርዝር "ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ" ብቻ ስለሚል ነው። "ሌላ" የሚል ካለ እሱ ይመረጥ፣ ማብራሪያው ይጻፍ።

የቡድን ኢንሹራንስ ከሆነ ማረጋገጫውን የምትጠይቁት አሠሪያችሁን ነው። ፎርሙ የሰው ኃይል ፋይል ውስጥ ተኝቶ መቅረቱን ወይም ለኩባንያው መተላለፉን ጠይቁ። ሥራ ከለቀቃችሁ ሽፋኑ አብሮ ይቆማል፤ ይህንንም አጋራችሁ ይወቅ።

ደረጃ 9፦ ወረቀቱ የት እንዳለ ሁለታችሁም እወቁ

ተጠቃሚው ተጠቃሚ መሆኑን ካላወቀ ማን ይጠይቃል? ንገሩት። የኩባንያውን ስም፣ ቅርንጫፉን፣ የፖሊሲ ቁጥሩን ይጻፍ። የፖሊሲውን፣ የኢንዶርስመንቱንና የመጨረሻውን የአረቦን ደረሰኝ ፎቶ በሁለታችሁም ስልክ ያዙ። ወረቀቱን ደግሞ ከቤት ውጭ በምታምኑት ሰው ዘንድ በኮፒ አስቀምጡ። ሰው ሲሞት ቤቱ በዘመድ ይሞላል፤ ሳጥኑን የሚከፍተው አጋር ላይሆን ይችላል።

አረቦን በወቅቱ ክፈሉ። ውዝፍ ያለበት ፖሊሲ ሊቋረጥ ይችላል፤ ያኔ የተጠቃሚው ስም ማማሩ ምንም አይፈይድም።

ልጅ ሲወለድ፣ ስትጋቡ፣ ስትለያዩ፣ ከተጠቃሚዎች አንዱ ሲሞት፣ ሥራ ስትቀይሩ ፎርሙን እንደገና ክፈቱት። መለያየት ስሙን በራሱ አይሰርዘውም።

ደረጃ 10፦ ሞት ሲያጋጥም ተጠቃሚው ምን ያድርግ?

ይህን ክፍል አሁኑኑ አብራችሁ አንብቡት።

1. ለኩባንያው ወዲያው አሳውቁ። መጀመሪያ በስልክ፣ ከዚያ በጽሑፍ። የጽሑፉን ኮፒ ማኅተም አስደርጉ።
2. ሞቱን ቀበሌ አስመዝግቡና የሞት ምስክር ወረቀት አውጡ። "ሚስት አይደለሽም" ተብለው የሚመለሱ አሉ። አብሮ ይኖር የነበረ ሰው ሞትን ማስመዝገብ ይችላል። አስቸጋሪ ከሆነ የቅሬውን ዳኛ ወይም አንድ የሟች ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ።
3. ሰነድ ሰብስቡ። ፖሊሲ፣ ኢንዶርስመንት፣ መታወቂያ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የሆስፒታል ማስረጃ። አደጋ ከሆነ የፖሊስ ሪፖርት። የባንክ ሒሳቡ ስም ከተጠቃሚው ስም ጋር መግጠሙን እዩ።
4. የክፍያ ጥያቄ ፎርሙን ሙሉና ኮፒ ያዙ።

"የወራሽነት ማረጋገጫ አምጪ" ቢሉሽስ? እዚህ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ። መልሱ ይህ ነው፦ "የምጠይቀው እንደ ወራሽ አይደለም፤ በውሉ በስሜ የተሰየምኩ ተጠቃሚ ነኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 827 መሠረት ይህ ገንዘብ ውርስ ውስጥ አይገባም።" በጽሑፍ አስገቢው።

ቤተሰብ ሽምግልና ቢቀመጥስ? ሽምግልና ጥሩ ነው፤ በለቅሶው ሰሞን ግን ምንም አትፈርሙ። "ለጊዜው ነው" ተብሎ የተፈረመ ወረቀት መብት መተው ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ሐዘኑ ሲቀል፣ ወረቀቱን ጠበቃ አይቶት፣ ከዚያ ትወስናላችሁ። ጉዳዩን ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንየው የሚል ጥያቄ ቢመጣ፣ ያ ፍርድ ቤት የሚያየው ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው። ተጠርታችሁ ከሆነ ዝም አትበሉ፤ ትስማሙ እንደሆነ ወይም እንደማትስማሙ ቀርባችሁ በግልጽ ተናገሩ።

የፍርድ ቤት እግድ ቢመጣስ? ኩባንያው ክፍያውን ያቆማል። ይህ ማለት ተሸነፋችሁ ማለት አይደለም። ፖሊሲውንና ማረጋገጫውን ይዛችሁ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ብቻ ጽፎላችሁ የምትጨርሱት ጉዳይ አይደለም።

ኩባንያው ራሱ አልከፍልም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ቅሬታውን መጀመሪያ ለኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት አቅርቡ። ካልሆነ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ለሚቆጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይቻላል። ፍርድ ቤትም አለ። ቀን ግን ቁጠሩ፦ በንግድ ሕጉ ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አይቻልም። "ነገ ተመለሽ" እየተባባሉ ወራት ሲነጉዱ ያቺ ጊዜ ትሄዳለች። ደብዳቤ መጻጻፉ ዓመት ከሞላው ጠበቃ ያዙና ክስ የሚመሠረትበትን የመጨረሻ ቀን አስልታችሁ ጻፉት።